ላም፣ ፍየል ወይስ ዶሮ? የእንስሳት ብድርን በልጆች ምግብ መዝኖ ለመምረጥ የሚረዳ መመሪያ

ለድሃ ገበሬ እንስሳ በብድር መስጠት የቆየ ሐሳብ ነው። አሜሪካዊው ገበሬ ዳን ዌስት በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ለተራቡ ልጆች ወተት እየሰፈረ ያድል ነበር፤ ቆይቶ ግን ቤተሰቦቹ የሚያስፈልጋቸው አንድ ስኒ ወተት ሳይሆን ላሚቱ ራሷ መሆኗን ተረዳ። ከዚህ ሐሳብ የተነሣውና ዛሬ ሃይፈር ኢንተርናሽናል የሚባለው ድርጅት በ1944 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹን 17 ጊደሮች ወደ ፖርቶ ሪኮ ላከ። ከተቀባዩ የሚጠበቀው ገንዘብ መክፈል ሳይሆን የምትወለደውን ሴት ጥጃ ለሌላ ችግረኛ ቤተሰብ ማስተላለፍ ነበር።

ከዚያ ወዲህ መንገዶቹ በዝተዋል። ሩዋንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. በጀመረችው ጊሪንካ በተባለው መርሐ ግብር ለአንድ ድሃ ቤተሰብ አንድ ላም ተሰጥታ የመጀመሪያዋ ሴት ጥጃ ወደ ጎረቤት ታልፋለች። በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት በ2002 እ.ኤ.አ. ለእጅግ ድሆች በጀመረው ሥራ እንስሳውን ጨርሶ በስጦታ ሰጥቶ ከሥልጠናና ከጊዜያዊ ድጎማ ጋር አጣመረው። አነስተኛ የብድር ተቋማት ደግሞ ገንዘቡን ያበድራሉ፤ እንስሳውን የሚገዛው ገበሬው ራሱ ነው። ጥቂት ገንዘብ ይዞ ለብዙ ቤተሰብ መድረስ የሚፈልግ የማኅበር ኮሚቴ፣ ወይም ከቀረቡለት ብድሮች አንዱን መምረጥ ያለበት ቤተሰብ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም፤ ሁሉም አማራጭ «ድህነትን ይቀንሳል፣ ልጆችንም ይመግባል» ተብሎ ነውና የሚቀርብለት።

ድህነትን መቀነስና ልጅን መመገብ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። በአንድ የገበሬዎች ማኅበር የብድር ኮሚቴ ውስጥ በሠራሁበት ጊዜ፣ በወር በወር በሚከፈል የገንዘብ ብድር ላም የገዛች እናት ቤት ማለዳ ደርሼ ነበር። ወተቱ ከግቱ ወደ ማለቢያው፣ ከማለቢያው ወደ ጀሪካኑ፣ ከጀሪካኑ ወደ ገዢው ሲያልፍ ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጇ በሩን ተደግፎ ያያል። ለእሱ ስንት እንደሚቀርለት ስጠይቃት «የወሩ ክፍያ እስኪሞላ ነው እንጂ ይጠጣል» አለችኝ። ክፍያዋን አንድም ቀን አሳልፋ አታውቅም፤ በእኛ መዝገብ ላይም ምስጉን ተበዳሪ ነበረች። በዚህ መመሪያ ውስጥ ያሉት መለኪያዎች ሁሉ የሚነሡት ከዚያ በር ላይ ነው።

መለኪያዎቹ

የመጀመሪያውና ከሁሉም ክብደት ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ ብድሩ ከቤት የሚያወጣው ምንድን ነው የሚለው ነው። ብድሩ በጥሬ ገንዘብ የሚመለስ ከሆነ ቤተሰቡ በየጊዜው የሚሸጠው ነገር ያስፈልገዋል፤ በየቀኑ ሊሸጥ የሚችለው ደግሞ ለልጁ ሊሰጥ የሚገባው ወተትና እንቁላል ነው። ብድሩ በግልገል ወይም በጥጃ የሚመለስ ከሆነ ግን ወተቱ፣ እንቁላሉና ፍጉ እዚያው ይቀራሉ። እንስሳው አንድ ሆኖ ሳለ የልጁ ስኒ የሚሞላው ወይም የሚጎድለው በአመላለሱ ነው።

ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ምግቡ ከስንት ወር በኋላ ይጀምራል፣ በዓመት ውስጥስ ለስንት ወር ይቋረጣል? የልጅ አካልና አእምሮ ከፅንስ ጀምሮ እስከ ሁለተኛ ዓመቱ ባሉት 1000 ቀናት ውስጥ የሚያጣውን በኋላ መልሶ ማግኘት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በኋላ የምትታለብ ላም ዛሬ የስድስት ወር ሕፃን ላለው ቤት ዘግይታ ትደርሳለች። ሦስተኛው መኖ፣ ውኃና ጉልበት ሲሆን፣ ጉልበቱ የማን እንደሆነ ጭምር መታየት አለበት። ሣር ማጨድና ውኃ መቅዳት በእናቲቱ ላይ ሲወድቅ ጡት የምታጠባበትና ልጅ የምትመግብበት ጊዜ ይቀንሳል። አራተኛው እንስሳው ቢሞት ኪሳራውን የሚሸከመው ማን እንደሆነ ነው። አምስተኛው፣ ይበልጡን ኮሚቴን የሚመለከተው፣ ብድሩ ወደ ቀጣዩ ቤተሰብ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚደርስ ነው።

ከመለኪያዎቹ ጎን ስለ ልጅ አመጋገብ የተወሰነ ነገር መያዝ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን እስከ 6 ወሩ የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ከጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ እንዲያገኝ ይመክራል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያም ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ልጆች ሥጋን፣ ዓሣን ወይም እንቁላልን የመሰለ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በየቀኑ እንዲመገቡ አሳስቧል። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ነው፤ የሥጋ አይረንና ዚንክም ከእህል ካለው ይልቅ በቀላሉ በሰውነት ውስጥ ይሰርጋል። ይሁንና ወተት አይረን በጣም አነስተኛ የሆነበት ምግብ ስለሆነ ብቻውን ልጅን ከደም ማነስ አያድንም፤ የላም ወይም የፍየል ወተት መጣ ተብሎ የእናት ጡት መተው ደግሞ ጥቅሙን ወደ ጉዳት ይለውጠዋል።

በመጀመሪያ የብድሩ ዓይነት

ብዙ ኮሚቴዎች ውይይታቸውን «ላም ይሻላል ወይስ ፍየል?» ከሚለው ይጀምራሉ። እኔ የብድሩን ዓይነት አስቀድማለሁ፤ መጥፎ ውል ጥሩ ላምን ከንቱ ሲያደርጋት አይቻለሁና።

በዘር የሚመለስ ብድር ማለት ተቀባዩ የተሰጠውን ያህል ሴት ግልገል፣ ጥጃ ወይም ቄብ ዶሮ አሳድጎ ለሌላ ቤተሰብ የሚያስተላልፍበት ነው። ወለድ የለውም፤ የገበያ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም ዕዳው አንድ እንስሳ ነው። የልጁን ምግብ በተመለከተ ከብድሮች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ሩዋንዳ ውስጥ በዚህ መንገድ እንስሳ በተቀበሉ ቤተሰቦች ላይ ተደርጎ በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ላም ያገኙት ወተት፣ ፍየል ያገኙት ደግሞ ሥጋ ከበፊቱ አብዝተው መመገባቸውን አሳይቷል። ድክመቱ ግን በተፈጥሮ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑ ነው። ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ወንድ ናቸው፤ አንዲት ላም በተከታታይ ሁለት ወንድ የመውለድ ዕድሏ ከአራት አንድ ነው። ስለዚህ ከአራት ተበዳሪዎች አንዱ ምንም ሳያጠፋ ለዓመታት ዕዳውን ሳይመልስ ሊቆይ ይችላል፤ ውሉ ይህን አስቀድሞ ካላሰበበት ሐቀኛው ሰው እንደ አጭበርባሪ ይቆጠራል። ሌላው ችግር ሰው ከሁለት ግልገሎች ደካማዋን የመመለስ ዝንባሌ ያለው መሆኑ ነው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን በሽታ ነው፤ የታመመች ፍየል ከቤት ወደ ቤት ስትተላለፍ ብድሩ ራሱ የወረርሽኝ መንገድ ይሆናል። ስለዚህ የምትመለሰው እንስሳ ዕድሜ፣ ክብደት፣ ክትባትና የሐኪም ምርመራ በውሉ ላይ በቁጥርና በግልጽ ቃል መጻፍ አለበት።

የገንዘብ ብድር ለአበዳሪው ምቹ ነው፤ መዝገቡ ቀላል ነው፣ ገበሬውም የሚፈልገውን እንስሳ መርጦ ይገዛል። ክፍያው በሚቀጥለው ወር የሚጀምር ከሆነ ግን ገና ያልወለደች ጊደር የገዛ ሰው ከምን ይከፍላል? የቀረውን እህል ይሸጣል፣ ወይም ሌላ ብድር ይገባል። በዚህ መንገድ መበደር ግድ ከሆነ ቢያንስ እስክትወልድ ድረስ የእፎይታ ጊዜ ይጠየቅ፤ ክፍያውም በየወሩ ሳይሆን ወንድ ጥጃ ወይም ሙክት ሲሸጥ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ይሁን። የገንዘብ ብድር በትክክል የሚስማማው ለማድለብ ነው፤ በግ ወይም ፍየል ተገዝቶ ከሦስት እስከ አራት ወር ተቀልቦ ሲሸጥ ዕዳውም ትርፉም አብሮ ይወጣል። ማድለብ ግን ለልጁ በቀጥታ የሚሰጠው ምግብ የለም።

ርቢ ባለቤቱ እንስሳውን ሰጥቶ አርቢው እየቀለበ የሚወለደውን የሚካፈሉበት ስምምነት ነው። ማስያዣም ዋስም አይጠይቅም፤ ምንም የሌለው ሰው የሚገባበት በር ነው። ወተቱ ለአርቢው እንደሆነ በግልጽ ከተነገረ ለልጁ ምግብ መጥፎ አይደለም። ሆኖም ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ እንስሳውን ሊወስድ ስለሚችል ልጁ ከለመደው ወተት በአንድ ቀን ሊነጠል ይችላል። ቢያንስ አንድ የእርግዝናና አንድ የወተት ወቅት የሚሸፍን ቀነ ገደብ ያስፈልገዋል።

አራተኛው፣ ስጦታ ከድጋፍ ጋር፣ ብድር ባይሆንም ከብድር ጋር መነጻጸር አለበት። በ2015 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ፣ በጋና፣ በሆንዱራስ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በፔሩ እጅግ ድሃ ለሆኑ ቤተሰቦች እንስሳን የመሰለ ሀብት፣ ሥልጠና፣ ጊዜያዊ የምግብ ድጎማ፣ የቁጠባና የጤና ድጋፍ አንድ ላይ ሲሰጥ የሚሆነውን መረመረ። መርሐ ግብሩ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የቤተሰቦቹ ፍጆታና ሀብት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ወጪው ለአንድ ቤተሰብ ከፍተኛ ነው፤ ብዙ ኮሚቴዎች አይችሉትም። ቢሆንም አሁን የሚበላው ያጣ ቤተሰብ ማንኛውንም ብድር መሸከም አይችልም፤ የተሰጠችውን ፍየል በሁለተኛው ሳምንት ቢሸጣት ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ቀጥሎ እንስሳው

ላም ሁሉም የሚመኛት ናት። ጥሩ መኖ ያገኘች ዲቃላ ላም በቀን ከ6 እስከ 10 ሊትር ልትታለብ ትችላለች፤ ልጁም ጠጥቶ የሚሸጥም ይተርፋል፤ ፍጓ ማሳውን ያዳብራል። ግን ሒሳቧን በዝርዝር እንየው። 400 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 10 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ትፈልጋለች፤ ይህ በእርጥብ ሣር ሲሰላ 50 ኪሎ ገደማ ነው። ወተት በምትሰጥበት ወቅት ውኃዋ ብቻ እንደ ሙቀቱና እንደ ወተቷ መጠን ከ40 እስከ 70 ሊትር ይደርሳል። ውኃው ሩቅ ከሆነ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ጊዜ መመላለስ ማለት ነው፤ ይህን በየቀኑ የሚያደርገው ማን እንደሆነ ውሉ ከመፈረሙ በፊት ይጠየቅ። ላም ዘጠኝ ወር ከጥቂት ቀን አርግዛ አንድ ጥጃ ትወልዳለች። የአምስት ወር እርጉዝ የሆነች ጊደር ብትሰጥ ወተቱ ከአራት ወር በኋላ ይጀምራል፤ ያላረገዘች ጊደር ከተሰጠች ግን አንድ ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው። ስለዚህ ላም ከተመረጠች ማርገዟ በሐኪም የተረጋገጠ ጊደር ትሁን፤ ማዳቀያ አገልግሎት በአቅራቢያ መኖሩም ይረጋገጥ፤ የነጠፈች ላም ዳግመኛ ካላረገዘች ያንኑ ያህል እየበላች ምንም አትሰጥምና። ትልቁ አደጋዋ የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ በአንድ ነፍስ ላይ መሆኑ ነው፤ ስትሞት ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ያልቃል።

ፍየል በእኔ ግምት ለአብዛኛው ድሃ ቤተሰብ የተሻለችው ናት። 30 ኪሎ የምትመዝን ፍየል በቀን አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ወይም አምስት ኪሎ ገደማ እርጥብ ቅጠል ይበቃታል፤ ይህን ደግሞ ከአጥር ላይና ከቁጥቋጦ መሰብሰብ ይቻላል። የምታረግዘው አምስት ወር ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም መንታ ትወልዳለች። እንደ ዝርያዋና እንደ መኖዋ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ብትሰጥ ለአንድ ልጅ ከበቂ በላይ ነው፤ ወተቱ ጥቂት መሆኑም በአንድ በኩል ጥቅም አለው፤ ገዢ ጀሪካን ይዞ ለግማሽ ሊትር ደጅ አይመጣም፤ ስለዚህ እዚያው ቤት ይጠጣል።

እዚህ ላይ በተግባር የታየ አንድ ብልሃት አለ። ፍየል የመንጋ እንስሳ ስለሆነች ብቻዋን አትሰጥም፤ ሁለት ሆነው ይሰጡ። ሁለቱ ግን አብረው እንዲወልዱ ማድረግ ስሕተት ነው። የአየር ጠባዩና መኖው በሚፈቅድበት ሁሉ አንዷ ከአውራ የምትገናኝበትን ጊዜ ከሌላዋ በስድስት ወር ማራራቅ ይገባል፤ አንዷ ስትነጥፍ ሌላዋ ትወልዳለች፣ ልጁም ዓመቱን ሙሉ ወተት አያጣም። አንድ አውራ ፍየል ከ20 እስከ 30 ለሚሆኑ ሴቶች ይበቃል፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ቤት ሳይሆን በቡድን ይያዝ፤ ከገዛ ልጆቹ ጋር መራባት ከመጀመሩ በፊት ማለትም በሁለት ዓመት ገደማ ከሌላ ቡድን አውራ ጋር ይለዋወጥ። ደስታ መሰል የተባለው የበግና የፍየል በሽታ መንጋ ይጨርሳል፤ አንድ ጊዜ የሚሰጠው ክትባት ግን ቢያንስ ለሦስት ዓመት ይከላከላል፤ ሳይከተቡ ማከፋፈል ምክንያት የለውም። የፍየል ወተት ፎሌት የተባለው ቫይታሚን እጅግ ያንሰዋል፤ ሕፃን በእሱ ብቻ ቢያድግ ለደም ማነስ ይዳረጋል። የላምም ሆነ የፍየል ወተት ለልጅ ሳይፈላ አይሰጥም፤ ውርጃ አምጪው ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው ይተላለፋሉ። እንገሩን ግልገሉና ጥጃው በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ መጥባታቸው ግዴታ ነው፤ ለቤተሰቡ ሲባል እንገር የተከለከለ ግልገል ብዙ ጊዜ ይሞታል፤ ዕዳውም አብሮ ሳይከፈል ይቀራል።

የዶሮ ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ተስፋውም አደጋውም ትልቅ ነውና። በኢኳዶር ከ6 እስከ 9 ወር ያሉ ሕፃናት ለስድስት ወር በየቀኑ አንድ እንቁላል ሲሰጣቸው መቀንጨር ካልተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸር በ47 በመቶ መቀነሱን በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት አሳይቷል። በማላዊ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ግን በቁመት ላይ ይህን ለውጥ አላገኘም፤ የዚያ አካባቢ ልጆች አስቀድመውም ዓሣ አዘውትረው ይበሉ ነበር። ከሁለቱ የምወስደው ትምህርት እንቁላል ይበልጥ የሚጠቅመው ሌላ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ በሌለበት ቤት መሆኑን ነው።

በቀን አንድ እንቁላል ለመስጠት ግን ስንት ዶሮ ያስፈልጋል? ለቅማ የምታድር የመንደር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች። አምስት ዶሮዎች 250 ያህል ጣሉ እንበል፤ ግማሹ ለማሳቀፍ ቢቀመጥ ለልጁ የሚተርፈው 125 ነው፤ ይህም በሦስት ቀን አንድ እንቁላል ማለት ነው። ስለዚህ በየቀኑ እንዲሆን ከታሰበ ተጨማሪ መኖ የሚያገኙ የተሻሻሉ ዝርያዎች ወይም 15 ያህል የመንደር ዶሮዎች ያስፈልጋሉ። ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ ከገባ መንደሩን ሙሉ በሳምንት ውስጥ ያራቁታል፤ ሙቀት የሚችለው የዓይን ጠብታ ክትባት ግን በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ቢደገም ይከላከለዋል። ክትባቱን በጊዜው የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ የዶሮ ብድር ባይጀመር ይሻላል።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የማደሪያው ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር መረጃ ላይ ተመሥርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ቁመታቸው የተሻለ መሆኑን፣ ዶሮዎቹ ሌሊት ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድሩ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም እንደሚጠፋ አመልክቷል። የሚድህ ሕፃን የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የዶሮ ኩስ ደግሞ አንጀትን የሚጎዱ ተሕዋስያን ይይዛል። ስለዚህ ከቤት ውጭ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ቆጥ ያለው የዶሮ ቤት ከዶሮዎቹ በፊት ተሠርቶ ይጠናቀቅ።

በግና ጥንቸልን በአጭሩ ልለፋቸው። በግ በአብዛኛው ለወተት ስለማይያዝ ጥቅሙ በሽያጭ በኩል ነው፤ ለማድለብ ብድር ይስማማል። ጥንቸል በ31 ቀን ገደማ ስለምትወልድ የሥጋ ምንጭነቷ ፈጣን ነው፤ ቤተሰቡ ሥጋዋን የማይበላ ከሆነ ግን ለልጁ የምታመጣው ነገር የለም። የሥጋ ጥቅም ራሱ ግን መናቅ የለበትም፤ በኬንያ ኤምቡ በተማሪዎች ላይ የተደረገው ጥናት በምግባቸው ላይ ሥጋ የተጨመረላቸው ልጆች በማሰብ ችሎታ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ መሻሻላቸውን አሳይቷል።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ለልጁ ምግብ የሚጀምርበት ጊዜ | መኖና ጉልበት | ዋናው አደጋ | በዘር ለመመለስ የሚወስደው | የሚስማማው ብድር |
|---|---|---|---|---|---|
| እርጉዝ ጊደር (የአምስት ወር) | ከ4 ወር ገደማ በኋላ ወተት | በጣም ከፍተኛ | ሀብት ሁሉ በአንድ እንስሳ ላይ መሆኑ፣ ወንድ ጥጃ | ከ1 እስከ 3 ዓመት | በዘር የሚመለስ፣ ወይም ረጅም እፎይታ ያለው ገንዘብ |
| ሁለት ሴት ፍየሎች (አንዷ እርጉዝ) | እስከ 5 ወር ባለው ጊዜ ወተት | መካከለኛ | ደስታ መሰል፣ የጎረቤት ማሳ ማጥፋት | ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል | በዘር የሚመለስ |
| ከ5 እስከ 10 ቄብ ዶሮዎች | ከሳምንታት እስከ ሁለት ወር እንቁላል | ዝቅተኛ | ፈንግል፣ አውሬ፣ ቤት ውስጥ ማደር | ከ8 እስከ 12 ወር | በዘር የሚመለስ |
| የሚደልብ በግ ወይም ፍየል | በቀጥታ የለም | መካከለኛ | የገበያ ዋጋ መውደቅ | አይመለከተውም | ገንዘብ፣ በአንድ ጊዜ የሚከፈል |
| ጥንቸል | ከ4 እስከ 5 ወር በኋላ ሥጋ | ዝቅተኛ | ሥጋው አለመበላቱ | ከ6 እስከ 9 ወር | በዘር የሚመለስ |

ለማን የትኛው?

መሬት ለሌላትና ሕፃን ብቻዋን ለምታሳድግ እናት ላም መስጠት ሸክም መጨመር ነው። ለእሷ ዶሮ ከነቤቱና ከነክትባቱ ቢቀድም፣ ከዓመት በኋላ ፍየል ቢከተል እመርጣለሁ፤ ዶሮ ጠብቃ ያወቀችው የበሽታና የመኖ ሥርዓት ለፍየሏ ይጠቅማታል። የመኖ መሬት፣ ቅርብ ውኃና ሁለት የሚሠሩ ሰዎች ላሉት ቤተሰብ ላም ትስማማለች፤ ከአንድ በላይ ልጅም ትመግባለች። ድርቅ በሚደጋገምበት አካባቢ ላም የመጀመሪያዋ ሟች ስለምትሆን ፍየል ያለ ክርክር ትመረጥ። ወተት አስቀድሞ ያለው፣ ነገር ግን ለትምህርትና ለሕክምና ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ የማድለብ ብድር ቢወስድ የልጁን ስኒ ሳይነካ ገቢ ያገኛል። የዕለት ምግብ ላጣ ቤተሰብ ግን ቢያንስ የመጀመሪያው ወተት ወይም እንቁላል እስኪገኝ የምግብ ድጋፍ ሳይታከልበት ምንም ዓይነት ብድር እንዳይሰጠው አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥቂት ገንዘብ ላለው ኮሚቴ የማዳረሱ ሒሳብ ወሳኝ ነው። በአንዲት ላም ዋጋ ብዙ ፍየሎች ይገዛሉ፤ የሚባዙትም ፈጥነው ነው። አሥር ቤተሰብ በፍየል ቢጀምርና ሁሉም በአንድ ዓመት ተኩል ቢመልስ፣ ቀጣዮቹም በዚያው ቢቀጥሉ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ ብቻ ሌላ አሥር፣ ከእነሱ ደግሞ ተጨማሪ አሥር ቤተሰብ ይደርሰዋል። በተግባር ሞትም መካንነትም ስላለ ከዚህ ያነሰ ይሆናል፤ እኛ የምናቅደው ከአሥሩ ሰባት ይመልሳሉ ብለን ነበር።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

ውሉን ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ እንስሳው በሚስት ስም ቢመዘገብ ወተቱና እንቁላሉ ወደ ልጁ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል፤ ያለ እሷ ፈቃድም አይሸጥም። እንስሳው ቢሞት ተቀባዩ በ24 ሰዓት ውስጥ ካሳወቀ፣ ክትባቱን ካልዘለለና ሐኪም ወይም ኮሚቴው ካየው ዕዳው ይሰረዝ ወይም ሁሉም ከሚያዋጣው መጠባበቂያ ይሸፈን። ወንድ ብቻ ከተወለደ ወንዱ ተሸጦ ሴት እንዲገዛበት ወይም ተቀባዩ ሳይቀጣ ቀጣዩን ወሊድ እንዲጠብቅ ይፈቀድ። የምትመለሰው ጡት የጣለች፣ የተከተበች፣ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላት ሴት ግልገል መሆኗ ይጻፍ።

በመጨረሻ እኛ ዘግይተን የጨመርነው አንቀጽ አለ፤ ከእያንዳንዱ እለባ በመጀመሪያ የሚቀዳው ስኒ፣ ከተሰበሰበው እንቁላልም የመጀመሪያው፣ ከ6 ወር በላይና ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ነው ይላል። ለክትትል ወደ ቤቱ የሚሄደው ሰውም ስለ ክፍያ ከመጠየቁ በፊት ልጁ ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ምን እንደበላ ይጠይቅና በመዝገቡ የመጀመሪያ ዓምድ ላይ ይጻፍ። በመዝገባችን ያ ዓምድ ቀድሞ ቢኖር ኖሮ የዚያች እናት ስም ከምስጉን ተበዳሪዎች ዝርዝር ወጥቶ ክፍያዋ እንዲራዘምላቸው ከሚገባቸው ጋር ይጻፍ ነበር።